ይጠብቃል

አምቦ፣ ሰኔ 27 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሮቤራ ኢፋ፣

እግዚአብሔር መውጫህንና መግቢያህን ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር። አክስትህ ሙሉወርቅ ከሸነን ሰላም ብላሃለች። ሱቋ የገባ ሁሉ ስለ አንተ ሳይሰማ አይወጣም።

ይህን በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ልጄ ጃለኔ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሃለች። “አባዬ፣ በድምፅህ ቅዳና ላክለት እንጂ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም” ትለኛለች። በድምፅ የተላከ ነገር አይታረምም። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው ደግሞ ሳያርም አይልክም።

አሁን ወደ ወሬዬ ልግባ። በወር አንድ ቅዳሜ ግጥም የምናነብበትን አዳራሽ ታስታውሰዋለህ። ባለፈው ቅዳሜ ጃለኔ ተነሥታ አነበበች። አነበበች ማለቴ ስህተት ነው፤ ወረቀት አልያዘችም። ቀን ክሊኒክ ውስጥ ደምና ሰገራ ስትመረምር የምትውል ልጅ ግጥም እንደምትጽፍ እኔ አባቷ የሰማሁት ከሕዝቡ ጋር ነው። ጊንጪ መናኸሪያ አንዲት ሴት ሸክሟን ይዛ በዝናብ ስትደበደብ፣ ባለሱቁ በሩን ሲዘጋባት አይታ የጻፈችው ነው። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦

ሰማዩ ሲቆጣ ቆርቆሮ ይመታል፤
ቤት ያለው ሰው ሁሉ ድምፁን ያዳምጣል፤
በር የተዘጋበት ደጅ ቆሞ ይመታል።

ወደዚያ ስትደርስ እውነተኛው ዝናብ የአዳራሹን ቆርቆሮ ያዘው። ድምፅ ማጉያ የሚያከራየን ደሊል “ወላሂ መምህር፣ ዝናቡም ሊያጨበጭብ መጣ!” አለ። ሰው ሳቀ። እሷ ግን ዝም ብላ ጠበቀች፤ ሳቁ አለቀ፤ ከዚያ የመጨረሻውን ስንኝ አለችው። አንድ መቶ ሃያ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ።

ደሊል በእሷው ስልክ ቀርጾታል፤ ቃሉንም ጽፋ አብራ ትልክልሃለች። አንዷ ቃል ሁለት ጊዜ ትመጣለች። ምን እንዳደረገችባት አልነግርህም። ጆሮ ያለህ ልጅ ነህ፤ ስማው።

አጎትህ
ተሬፋ ዋቅቶላ


በርገን፣ ሐምሌ 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለአዴራዬ ለመምህር ተሬፋ፣

የጌታ ሰላም ከነቤትዎ ይብዛልዎ። እኔ ደህና ነኝ። የዓሣ ፋብሪካው ሥራ እንደ ድሮው ነው፤ እጄ ይሸታል፣ እግሬ ይበርዳል። እዚህ አገር ጥርም ሐምሌ ነው፣ ሐምሌም ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ አያባራም። አማርኛዬ በቁቤ ተምሮ ያደገ ሰው አማርኛ ስለሆነ ስህተቱን በቀይ ይያዙልኝ፤ አልቀየምም።

አዴራ፣ የምሥራች! የጃለኔን ግጥም ቲክቶክ ላይ አወጣሁት፤ ዛሬ ጠዋት ሳየው አርባ ሺህ ሰው አይቶታል። አርባ ሺህ! አዳራሹ ስንት ሰው ይይዛል አሉኝ?

ቪዲዮው ላይ ዝናቡ ድምፅዋን ውጦታል። ስለዚህ ድምፁን አጥፍቼ ክራር አስገባሁበት፤ ቃሉን ጽፋ ከላከችልኝ ላይ ገልብጬ በትልልቁ ከፊቷ በታች አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ሦስቱንም ስንኝ አድርጌ ነበር። ነገር ግን እዚህ የቲክቶክ መንደር ሰው በሦስት ሰከንድ ካልያዙት አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ የመጨረሻውን ብቻ አስቀረሁ። ከእሱ በፊት ረጅም ዝም ትላለች አይደል? ያንን ቆረጥኩት፤ ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል።

አሁን የምለምንዎ፣ ሌሎችም ይላኩልኝ። አጭር አጭር ይሁኑ፤ ሁለት ስንኝ ይበቃል። አዳራሹ ጨለማ ስለሆነ ውጭ ትቁም፤ ጭልሞ ጫካ ሄዳችሁ ብትቀርጿት እንዴት ያምር ነበር! ደግሞም ሕዝቡን አትይ፣ ስልኩን ትይ።

የሚወድዎ
ሮቤራ


አምቦ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለሮቤራ፣

ጤናህን ይስጥህ፤ የእኛም ጤና ከመናደድ በቀር ደህና ነው። ሰላምታው እዚህ ላይ ያብቃ።

አርባ ሺህ ሰው አይቶታል ትላለህ። አንድ ሰው ሰምቶታል?

የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ልስጥህ። “ቆርቆሮ ይመታል” ሲባል ቃሉ ይላላል፤ ሰማዩ መቺ ነው። “ደጅ ቆሞ ይመታል” ሲባል መ እና ታ ይጠብቃሉ፤ ሰውየው ተመቺ ነው፤ ዝናብ ነው የሚመታው። በፊደል አንድ ናቸው። በአፍ ግን አንዱ ዱላ የያዘ ነው፣ ሌላው ዱላ የሚያርፍበት። የግጥሙ ነፍስ ይህ ብቻ ነው። ዝም የምትለውም አዳራሹ የላላውን ረስቶ ለጠበቀው እንዲዘጋጅ ነው። አንተ ድምፁን አጠፋህ፣ ዝምታውን ቆረጥህ፣ የላላውን ስንኝ ጣልህ። ምን ቀረ? በር ስለተዘጋበት ደጅ ቆሞ ሌላውን የሚመታ ሰው!

ነገሩ የመምህር ቅብጠት እንዳይመስልህ። ትናንት ከጃለኔ ጋር ስንሄድ አንድ የባጃጅ ልጅ አንገቱን አውጥቶ “ጃለኔ! ደጅ ቆሞ ይመታል!” ብሎ ጮኸላት፤ አላልቶ፣ ጡጫውን ጨብጦ። ደሊልም “መምህር፣ ልጅህ ግጥም ነው የጻፈችው ወይስ ጦርነት ነው ያወጀችው?” ብሎኝ ሳቀ። አብሬው አልሳቅሁም። በዚህ ከተማ ደጅ የቆመ ወጣት ስንት እንደሆነ፣ እሱን የሚቆጥርም ስንት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

ዛሬውኑ አጥፋው። እኔ አዴራህ ነኝ፤ የላክሁልህ ግን አደራ ነበር። ልዩነቱን በቁቤም ቢሆን ጽፈህ ተለማመደው።

ደግሞ “መንደር” ያልከው ነገር መንደር አይደለም። በመንደር ሰው ያጠፋውን ሄዶ ይቅርታ የሚጠይቅበት ቤት አለ።

ተሬፋ


በርገን፣ መስከረም 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አዴራዬ፣

አዲሱ ዓመት ለእርስዎና ለጃለኔ የእርቅ ዓመት ይሁን። ለእኔም ቢተርፈኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀን አጥፍቼዋለሁ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። እኛ በቁቤ የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ ነው የምንጽፈው። አንድ ጊዜ ተጽፎ ያየሁትን አላልቼ አነበብኩት። አማርኛ የሚጠብቀውን ሳይጽፍ በሰው አፍ ላይ እንደሚተው ረሳሁ፤ አፉን ደግሞ እኔው ዘግቼዋለሁ።

ችግሩ፣ የእኔን ባጠፋው የሌሎቹ አይጠፋም። ገልብጠው ወስደውታል። አንድ የማላውቀው ሰው ከበሮ አስገብቶበት በራሱ ድምፅ “ይመታል! ይመታል!” እያለ ያነበዋል፤ የእሱን ስንት ሰው እንዳየው ብነግርዎ ያመኛል። መልእክት ላክሁለት፤ አልመለሰም። ስለዚህ ከሥሩ በስሜ ሰው ሁሉ እንዲያየው አንድ ቃል ጻፍኩ፦ “ይጠብቃል።” ቃሉ ይጠብቃል ማለቴ ነበር።

እነሱ ግን “ደጅ ቆሞ ይመታል፤ ይጠብቃል” ብለው አነበቡት። አድብቶ ይጠብቃል! ጎበዝ ብለው አጨበጨቡልኝ፤ የእሳት ምልክት ደረደሩበት። አሁን ያ ቃል በሁሉም ቅጂ ላይ እንደ ተከታይ ስንኝ ሆኖ ይዞራል። እኔው እንደጨመርኩበት ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም።

አንድ ሐሳብ አለኝ። ጃለኔ እዚያው አዳራሽ ሕዝብ ፊት ቆማ እንደገና ትበለው፤ አጥብቃ። አንድም ነገር ሳልነካ አወጣዋለሁ። ራሷ ስትለው የሰማ ሰው እንዴት ይሳሳታል?

የበደልኩዎ
ሮቤራ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሮቤራ፣

በሕይወት መኖራችንን በማስታወቅ ልጀምር፤ ሌላ ሰላምታ አልመጣልኝም። ይህ ደብዳቤ በፖስታ የሚመጣው ፎቶ የምታነሣው ልጅ አጠገቤ ስለሌለች፣ ስልክም ስለሌላት ነው። መቼ እንደሚደርስህ አላውቅም። በስልክ የነገርሁህን ግማሹን መስመሩ በልቶታል፤ ስለዚህ በሥርዓቱ ልጻፈው።

ሐሳብህን የተቀበልሁት እኔ ነኝ። ጃለኔ “አባዬ ይቅርብኝ፤ ግጥሙ አሁን የእኔ አይደለም” ብላኝ ነበር። “የተሳሳተ ነገር ታርሞ ነው የሚተወው” ብዬ ገፋኋት። ይህን ጻፍልኝ፤ ተሬፋ ነው የገፋት።

የጥቅምት ቅዳሜ ነው። አዳራሹ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። መሙላቱ አስደስቶኝ ነበር፤ አላዋቂነቴን ተመልከት። ከእሷ በፊት አራት ልጆች ቀረቡ። አራቱም ሁለት ሁለት ስንኝ ብቻ ነበራቸው፤ አራቱም ፊታቸውን ወደ ስልክ አድርገው ሕዝቡን በትከሻቸው አዩት። ጥንት ገጣሚ ከመድረክ ሲወርድ አጠገቡ ያለውን “እንዴት ነበር?” ይል ነበር። እነዚህ “ያዝከው?” ነው የሚሉት።

ጃለኔ ወጣች። ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ስለ ሴትየዋ፣ ስለ ሸክሟ፣ ስለ መናኸሪያው። ሰው ያንን አያውቀውም፤ ያጉረመርማል፤ ስልኩን አውርዶ ይጠብቃል። “ሰማዩ ሲቆጣ” ስትል የሰኔውን የሰሙት ስልካቸውን አነሡ፤ ሌላውም ተከተለ። ከመጨረሻው ስንኝ በፊት እንደ ልማዷ ዝም አለች።

ዝምታውን አልሰጧትም። አዳራሹ በአንድ ድምፅ “ደጅ ቆሞ ይመታል!” አለ፤ አላልቶ፣ በእግሩ መሬቱን እየመታ። “ይጠብቃል!” ሲሉ ደግሞ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። እጇን አንሥታ “አይደለም” አለች። አፏን አየሁት፤ አጥብቃ አለችው፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ደሊል የድምፅ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፈተላት። አልተሰማም። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ የረሳች መስሎት እየጮኸ ያስታውሳት ነበር! የራሷን ግጥም፣ የራሷን ቃል።

ያንን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ሁለት መቶ ስልክ ነበር። ቪዲዮው ላይ እጇን ማንሣቷ ሕዝቡን የምትመራ ያስመስላታል።

ማክሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ጠሯት። ከመሄዷ በፊት በድንጋጤ ከስልኳ ሁሉን ነገር አጠፋች፤ ቴሌግራም ላይ ለአንተ የላከችውንም ከሁለታችሁም በኩል። ስልኩንም ወሰዱት። አራት ቀን ቆየች። በሦስተኛው ቀን ጉዳዩን የያዘው ሰው ዘንድ ገባሁ። ስሙን አልጽፍም፤ አሥረኛ ክፍል ያስተማርሁት ልጅ ነው።

“መምህር፣ ይቀመጡ እንጂ” አለኝ በአክብሮት።

ከስልክ ላይ ተወስዶ የታተመ ወረቀት ፊቱ ነበር። “አንብብልኝ” አልሁት። አነበበ፤ አላላው።

“አጥብቀው።”

“የሚጠብቅበት ምልክቱ የት አለ?”

“የለም፤ ፊደላችን አያሳይም። አንባቢ ነው የሚያውቀው።”

“መምህር፣ እኔ ያለኝ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የምጠይቀው።” ጣቱን ዝቅ አደረገ። “ደግሞ ‘ይጠብቃል’ ይላል። ማንን ነው የሚጠብቀው?”

“ሰዋስው ነው! የወንድሜ ልጅ ቃሉ ይጠብቃል ለማለት የጻፈው ነው!”

“ውጭ አገር ያለው?” አለና ጻፈው።

ሮቤራ፣ ስምህን ያስመዘገብሁት እኔ ነኝ። አብራርቼ ልጄን ላወጣ ሄጄ ገጽ ጨምሬ ወጣሁ። ያንን ልጅ ሞክሼ ፊደል አሳስተሃል ብዬ በጉልበቱ ያንበረከክሁት ትዝ ብሎኛል፤ ሞክሼ ፊደል ምን ያደርጋል!

ለቀዋታል። ክሊኒኩ “ነገሩ እስኪበርድ እረፊ” አላት፤ ሸነን ሙሉወርቅ ዘንድ ሄዳለች፤ ሱቋ ውስጥ ትሸጣለች። እንድታርመው፣ እንድታጠፋው፣ እንድታስተካክለው ጠይቄህ ነበር። ያንን ሁሉ ትቼዋለሁ። አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። የሰኔውን፣ ያልተነካውን ቪዲዮ ላክልኝ፤ ከነዝናቡ። ዝናቡ ድምፅዋን ቢውጠውም ግድ የለኝም፤ ከሥሩ አለች። እኔ እለያታለሁ።

ተሬፋ


በርገን፣ የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አዴራዬ፣

እግዚአብሔር ያጽናናዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው።

የለኝም። ለብቻው አላስቀመጥኩትም፤ ከእሷ መልእክት ላይ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። እሷ ስታጠፋው እኔም ዘንድ ጠፋ። ስልኬንም፣ ኮምፒውተሬንም ፈተሽኩ፤ ስልክ የሚጠግን ሰው ዘንድም ወሰድኩት። ያለኝ ክራር ያለበት ብቻ ነው።

ሌላም ልንገርዎ፤ ካልነገርኩዎ እንቅልፍ የለኝም። “ዝናቡ ድምፅዋን ውጦታል” ብዬ ጽፌልዎ ነበር። መጀመሪያ የከፈትኩት በምሳ ሰዓት ፋብሪካው መመገቢያ ክፍል ነው፤ ሰዎች እንዳይረበሹ ድምፁን ዘግቼ አየሁት። በኋላ ስከፍተው መጀመሪያው ላይ ዝናብ ሰማሁ፤ ወዲያው ክራሩን ፍለጋ ሄድኩ። እስከ መጨረሻው አላዳመጥኩትም። “ጆሮ ያለህ ልጅ ነህ፤ ስማው” ብለውኝ ነበር። አዴራ፣ አልሰማሁትም። አንድ ቀንም አልሰማሁትም።

ጃለኔን ቢያገኟት አንድ ጊዜ ትበለው፤ በማንም ስልክ ይቅረጹልኝ። ለማንም አላወጣም። መስማት ብቻ ነው የምፈልገው።

ሮቤራ


አምቦ፣ መጋቢት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሮቤራ፣

ጌታ እንቅልፍህን ይመልስልህ። አልተቀየምሁህም። መቀየም የማንኛችን ጥፋት እንደሆነ የሚለይ ዳኛ ላለው ሰው ነው።

ያልከውን ለመሞከር ሸነን ሄድሁ። የደሊልን ስልክ ተውሼ፣ እንዴት እንደሚቀዳ በወረቀት አስጽፌ ነው የሄድሁት። ብታየኝ ትስቅ ነበር፤ ድምፅ አይታረምም ያልሁት ሰውዬ!

ጃለኔ ከስታለች እንጂ ደህና ናት። ስኳርና ሳሙና ትሸጣለች፤ ለደንበኛ ትስቃለች። ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣና ገበያተኛው በየበረንዳው ተበተነ። ሁለቱንም የበሩን ሳንቃ በረገደችና “ኮታ! ግቡ፣ ግቡ!” አለች። ሴቱም ሽማግሌውም ከነጆንያው ገብቶ ሱቁን ሞላው፤ ሙሉወርቅ “ሱቄን ጭቃ አደረግሽው እኮ” ብላ ተቆጣች። ቆርቆሮው ላይ ያንን ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። 

ሲያባራና ሰው ሲወጣ ስልኩን አወጣሁ። “ልጄ፣ አንድ ጊዜ በይልኝ። የመጨረሻውን ብቻ።”

“የትኛውን አባዬ?”

“የአንቺን ነዋ።”

አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። “በሆዴ ስለው በእነሱ ድምፅ ነው የሚመጣልኝ” አለች። “አጥብቄ ለማለት ስሞክር የተሳሳትኩ እየመሰለኝ ነው።” ይህን ብላ ሳሙና መደርደር ጀመረች። ስልኩ እየቀዳ ኖሯል። ያለኝ እሱ ነው፦ አሥራ አንድ ደቂቃ የሳሙና ድምፅ።

ሠላሳ ዓመት ተማሪ ሲሳሳት አርሜያለሁ። ትክክል ሆኖ ሳለ የተሳሳተ ለሚመስለው ሰው ምን እንደሚባል ግን ማንም አላስተማረኝም።  እስከ ሱቅ መዝጊያ ድረስ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ዋልሁ።

ከዚህ በታች ስንኙን በእጄ ጽፌልሃለሁ። የጥንት መምህሮቻችን እንደሚያደርጉት መ እና ታ ላይ በእርሳስ ሁለት ሁለት ነጥብ አድርጌአለሁ። ፎቶ ብታነሣው ነጥቦቹ አይወጡም ይሆናል፤ ስለዚህ ፎቶ አታንሣው። ብቻህን ስትሆን ድምፅህን አውጥተህ በለው፤ ቢያንስ አንድ ሰው በትክክል ይበለው።

በር የተዘጋበት ደጅ ቆሞ ይመታል።

ከሥሩ ያንተን ቃል ጨምሬአለሁ፦ ይጠብቃል። እሱ ላይ ነጥብ አላደረግሁበትም። አላልተህ ብታነበው ስለ ቃሉ ነው፤ አጥብቀህ ብታነበው ስለ አባቷ ነው።

አዴራህ
ተሬፋ